ወላጆችን ትምህርት ቤት ያስጎበኘሁባቸው ዓመታት

ጡረታ ከወጣሁ ገና ሁለት ወር አልሞላኝም፤ የቤቴ ስልክ ግን ከቢሮዬ ስልክ የባሰ ሥራ በዝቶበታል። የሚደውሉት ወጣት ወላጆች ናቸው፤ አብዛኞቹን አትላንታ ዳር፣ ታከር ካለው ቤተ ክርስቲያናችን አውቃቸዋለሁ። «እትዬ ዘነቡ፣ ልጃችንን ፕራይቬት ስኩል ልናስገባ ነው፤ የትኛው ይሻላል?» ይሉኛል። የትኛው እንደሚሻል አላውቅም። አሥራ ስድስት ዓመት በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሠርቼ፣ ብዙውን ጊዜ ወላጅ ስቀበልና ሳስጎበኝ ኖሬ፣ ይህችን ጥያቄ ዛሬም መመለስ አልችልም። ምን ማየት እንዳለባቸው ግን አውቃለሁ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደጋግመው አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ስጽፈው ምክሩ ከሥራ ዘመኔ አልለይ አለኝ፤ እንግዲህ አብሮ ይምጣ።

ደሴ ላይ አሥራ አንድ ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምሬያለሁ፤ በአንድ ክፍል ሰባ ሕፃን። አትላንታ የመጣሁት በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ውስጥ፣ ከቁም ሣጥን በማትበልጥ የመስታወት ክፍል ተቀምጦ ቲኬት መቀበል ነበር። ሥራው ክፉ አልነበረም፤ ሰው ግን በመስኮት ብቻ ያልፋል፣ ስሙን ሳትጠይቀው ይሄዳል። ከዓመት በኋላ አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት፣ አቮንዴል እስቴትስ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ለካፍቴሪያው ሰው እንደሚፈልግ ነገረችኝ። ደመወዙ ከፓርኪንጉ ብዙም አይበልጥም፤ ልጆች ግን አሉበት። ሄድኩ። ልጆቹ «ዘነበች» ማለት ቢያቅታቸው «ሚስ ዚ» አሉኝ፤ በዚያው ስም ጡረታ ወጣሁ።

ከካፍቴሪያው ወደ ቢሮ ያሻገረኝ አንድ የወተት ካርቶን ነው። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ካርቶኑ አልከፈት ብሏት ታለቅሳለች። አጠገቧ ተቀምጬ የእኔን ካርቶን ቀስ ብዬ ከፈትኩ፤ ዘጋሁት፤ እንደገና ከፈትኩ። እሷም እንባዋን እየጠረገች ሞከረች። በሦስተኛው ተሳካላት፤ ግማሹ ወተት ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ፣ እሷ ግን እንደ ሠርገኛ ነበር የሳቀችው። ቀና ስል ሁለት ወላጆችን ይዘው የቆሙ፣ ነጭ ፀጉራቸውን አጭር የተቆረጡ ሴትዮ እያዩኝ ነው።

«ለምን አልከፈትሽላትም?» አሉኝ።

«ዛሬ እኔ ብከፍት ነገ ማን ይከፍታል?» አልኩ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ።

ሴትዮዋ ሚስስ ሃርፐር ነበሩ፤ አዲስ ወላጆችን ተቀብለው የሚያስጎበኙና ልጆችን የሚመዘግቡ የቢሮው ኃላፊ። በሳምንቱ ካፍቴሪያ መጥተው «ሽርጥሽን አውልቂና ነይ» አሉኝ። ሌላ ቃለ መጠይቅ አልነበረም።

እንግሊዝኛዬ ያስፈራኝ ነበር። እሳቸው ግን «ሰው የሚያሳጣው ቋንቋ ሳይሆን ጥድፊያ ነው» ብለው ዓመት ሙሉ ከኋላቸው አስከተሉኝ። የሥራ ትምህርቴ ይኸው ነበር፤ ከኋላ እየተከተሉ ማየት።

ሚስስ ሃርፐር ለወላጅ ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት ለልጁ ነበር ሰላምታ የሚሰጡት። ጉልበታቸው የታመመ ቢሆንም ተንበርክከው ስሙን ይጠይቁታል። መልስ ካልመጣ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። እናትየዋ ፈጥና «ስሙ እንዲህ ነው» ካለች ፈገግ ይሉላትና እንደገና ልጁን ያያሉ። እኔ ዝምታ ሲበዛ ጭንቅ ይለኛል፣ አንድ ነገር ብዬ ልሙላው እላለሁ፤ እሳቸው በልባቸው እስከ አሥር ይቆጥሩ ነበር። ስለ ልጅ የሚጽፉት ሁሉ በእርሳስ ነው። ኮምፒውተር ከመጣ በኋላም ስለ ልጅ የሚጻፈው ማስታወሻ በእርሳስ ቀረ። ልጁ በመስከረምና በግንቦት አንድ ሰው አይደለማ።

ጉብኝቱን የሚጀምሩት ከካፍቴሪያው ነው። ቀጥሎ የልጆች መጸዳጃ ቤት። ቤተ መጻሕፍቱ መጨረሻ። በመጀመሪያው ሳምንት ደንግጬ፣ «ሚስስ ሃርፐር፣ እንግዳ መጸዳጃ ቤት ይገባል እንዴ?» ብላቸው፣ «ቤተ መጻሕፍት የሌለው ትምህርት ቤት አይተሽ ታውቂያለሽ? ሁሉም እዚያ ነው አበባ የሚያስቀምጠው። ልጁን የሚያከብረው ግን መጸዳጃው ሳሙና ያለው ነው» አሉኝ። ለምትደውሉልኝ ሁሉ የምናገረው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ መጸዳጃ ቤቱን አሳዩኝ በሉ። ፊቱን ያጠቆረ አስጎብኚ ካጋጠማችሁ እሱም መልስ ነው።

ክፍል ውስጥ ደግሞ ሚስስ ሃርፐር ግድግዳውን ያያሉ። ሃያ ልጅ የሳላቸው ሃያ ቢራቢሮዎች አንድ ዓይነት ከሆኑ፣ «ይህንን የሳለችው መምህርቷ ናት» ይሉኛል በጆሮዬ። አንዱ ቢራቢሮ እግር ያለው፣ አንዱ ኮፍያ ያደረገ፣ አንዱ ጨርሶ ድመት የሚመስል ከሆነ ደስ ይላቸዋል። እኔም እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ግድግዳ ሳላይ ክፍል ገብቼ አላውቅም።

ከዚያ ዘመን ሳስታውሰው ብቻዬን የሚያስቀኝ አንድ ቀን አለ። አራት ዓመቷ የሆነች ልጅ ለኢንተርቪው መጣች። ቀለማትን መጥራት ነበረባት። ገና «ይህ ምን ቀለም ነው?» ስትባል ጠረጴዛ ሥር ገባች። አባቷ ጠበቃ ነው፤ ፊቱ ቲማቲም መሰለ፣ «ቤት ውስጥ ሁሉንም ታውቃለች» እያለ ይምላል። ሚስስ ሃርፐር ጫማቸውን አወለቁና እሳቸውም ጠረጴዛው ሥር ገቡ። ሃያ ደቂቃ ያህል ሹክሹክታና ሳቅ ብቻ እንሰማለን። ልጅቷ ቀድማ ወጣች። ሚስስ ሃርፐር ግን ጉልበታቸው እምቢ አለ፤ ጠበቃው በአንድ ክንዳቸው፣ እኔ በሌላው ጎትተን አወጣናቸው። ቀሚሳቸውን እያራገፉ፣ «ቀለማቱን ሁሉ ታውቃለች። ሳይተዋወቋት መጠየቅ ነው የማትወደው። እኔም አልወድም» አሉ። ልጅቷ ገባች፤ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳ ነው የወጣችው።

ይህን ሁሉ ተምሬ ነው እንግዲህ ያጠፋሁት።

ኦሎምፒክ አትላንታ ከመጣበት ዓመት በኋላ ነው። ከቤተ ክርስቲያናችን አቶ ሙሉጌታና ባለቤቱ ሂሩት የሰባት ዓመት ልጃቸውን ሜሮንን ይዘው መጡ። እሱ ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ሱፐርቫይዘር ነው፤ እሷ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ነርሲንግ ሆም ትሠራለች። ሁለቱም ኦቨርታይም ደርበው እየሠሩ ልጃቸውን «ደህና ትምህርት ቤት» ለማስገባት ቆርጠዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም የአገሬ ልጅ በዚያ ኮሪደር አልሄደም። ሜሮን ሁለት ጉንጉን ተሠርታ፣ ነጭ ካልሲ አድርጋ ስትገባ ልቤ ዘለለ።

ሚስስ ሃርፐር ያን ቀን ሌላ ቤተሰብ ይዘው ነበር። ሜሮንን የፈተነቻት የአንደኛ ክፍል መምህርት ናት፤ አስተርጓሚዋ እኔ። መምህርቷ በግልጽ ተናገረች። «ሜሮን ብሩህ ልጅ ናት። ነገር ግን ፊደላቱ ይገለባበጡባታል፤ ይህ በስንፍና የመጣ አይደለም፣ የሰለጠነ መምህር ይፈልጋል። እኛ ጋ እንደዚህ ያለ መምህር የለንም። እናንተ ሰፈር ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን አለው፤ በነፃ። ይህን አውቃችሁ ከፈለጋችሁ እንቀበላታለን፤ እኔ ግን እንዳትሰቃይ እፈራለሁ።»

አቶ ሙሉጌታ ከረባት አስሮ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አፌን አፌን ያየኛል። ሂሩት የልጅቷን ጉንጉን ታስተካክላለች። ይሉኝታ ያዘኝ። እንዴት አድርጌ ልበላቸው? ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ ሜሮን እዚያ እንድትማር ፈልጌ ነበር። ለእሷ ብዬ ሳይሆን ለራሴ፤ «የእኛም ልጅ አለች» ለማለት።

«ጎበዝ ናት ይላሉ» አልኩ። «ንባብ ላይ ትንሽ እገዛ ትፈልጋለች፤ ቤት ውስጥ አበረታቷት ይላሉ።»

«ይህማ ቀላል ነው» አለ አቶ ሙሉጌታ፤ ፊቱ በራ። «እናግዛታለን በሏቸው፤ ችግር የለም።»

«ተረድተውታል፤ እናግዛታለን ይላሉ» አልኩ ለመምህርቷ። እሷም ሁሉን እንደሰሙ አምና የመግቢያ ወረቀቱን ፈረመች።

መስከረም አለፈ፣ ገና አለፈ። ሜሮንን ኮሪደር ላይ ሳገኛት ጉንጯን እስማታለሁ፤ «ትምህርት እንዴት ነው?» ስላት «ጉድ» ትለኛለች፣ በእንግሊዝኛ። ሆዴን ያመኛል እያለች ብዙ ቀን ወደ ቤት መሄዷን ሰምቼ ነበር። ልጅ ሆዱን ያመዋል አልኩና ተውኩት።

መጋቢት ላይ አንድ ባልና ሚስት ሳስጎበኝ ባልየው ጠየቀኝ፤ «ከክፍሉ ወደ ኋላ የቀረ ልጅ እዚህ ምን ይደረግለታል?» «እዚህ ማንም ወደ ኋላ አይቀርም» አልኩት። ደግሜ ሳስበው ዛሬም አንገቴን ያስደፋኛል። እንደ ልማዴ ወደ ልጃገረዶቹ መጸዳጃ ቤት አመራሁ፤ ሚስትየዋ ተከተለችኝ። ሳሙናውን ላሳያት ስል ከመጨረሻው በር ጀርባ ትንፋሽ ሰማሁ። በሩ አልተቀረቀረም። ሜሮን ክዳኑ ላይ ተቀምጣ፣ እንዳይታዩ እግሮቿን ወደ ላይ ሰብስባ፣ ጉልበቷን አቅፋለች።

«ሚስ ዚ፣ ፕሊስ ለቲቸሬ አትንገሪ» አለችኝ በሹክሹክታ። «አሁን ሪዲንግ ታይም ነው። ሲያልቅ እሄዳለሁ።»

«ሁልጊዜ እዚህ ነሽ?»

«ኤቭሪ ደይ። ተራ ሲደርሰኝ ይስቃሉ።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፣ «እኔ ስቱፒድ ነኝ አይደል?» አለች።

አቅፌ አወጣኋት። ፊቷን አጥቤ ቢሮዬ አስቀመጥኳትና ወደ እንግዶቼ ተመለስኩ። «ቅድም ማንም ወደ ኋላ አይቀርም ያልኳችሁ ትክክል አይደለም» አልኳቸው። «ንባብ ለሚያስቸግረው ልጅ እዚህ የሚረዳ መምህር የለንም። እኔ ይህን ደብቄ አንዲት ልጅ ጎድቻለሁ።» እጄን ጨብጠው ሄዱ፤ አልተመለሱም።

ለሚስስ ሃርፐር ሁሉንም ነገርኳቸው። ሥራዬ ያበቃ መስሎኝ ነበር። በእጃቸው የነበረውን እርሳስ አስቀመጡ። «ወላጆቹ ሲያዝኑ ማየት ከበደሽ» አሉ በመጨረሻ፤ «ስለዚህ ሐዘኑን ለልጅቷ ሰጠሻት።» ቁጣ የለበትም አነጋገራቸው፤ ያ ነው የባሰብኝ። ከዚያ ስልክ አንስተው እነ ሜሮን ሰፈር ያለውን የመንግሥት ትምህርት ቤት ጠየቁ፤ ልዩ መምህርቷ ማን እንደሆነች፣ መቼ ልትቀበል እንደምትችል በወረቀት ጻፉ። «ኮትሽን ልበሺ» አሉኝ። ያንኑ ከሰዓት ታከር ወደሚገኘው አፓርታማቸው አብረን ሄድን።

ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ መምህርቷ ያን ቀን የተናገረችውን ቃል በቃል በአማርኛ ነገርኳቸው። ከዚያም እኔ ምን ብዬ እንደተረጎምኩ ነገርኳቸው። አቶ ሙሉጌታ አልጮኸም።

«እኔ እኮ ጨርሶ እንግሊዝኛ አልሰማም ማለት አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «መምህርቷ ሌላ ነገር እንዳለች ጠርጥሬ ነበር። ግን እርስዎ አገር ቤት መምህር ነበሩ፤ የእርስዎን አፍ አመንኩ።»

ሂሩት ናት ያዳነችን። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ፣ «እሺ፣ ያለፈው አለፈ፤ አሁን የት ነው የምንወስዳት?» አለች። ሚስስ ሃርፐር ወረቀቱን ዘረጉላት።

ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ አቶ ሙሉጌታ ቤተ ክርስቲያን ሲያገኘኝ ግድግዳ ሰላም እንደሚል ሰው አንገቱን ብቻ ይነቀንቃል። ይገባኛል፤ እኔም በሌላ በር መውጣት ለመድኩ። በዓመቱ ግን አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ መንገዴን ዘጋና «ወይዘሮ ዘነበች፣ ዛሬ ምሳ እኛ ጋ ነዎት» አለኝ፤ ጥያቄ አልነበረም። ቤታቸው ስደርስ ሜሮን በር ላይ ጠበቀችኝ። እጄን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ወስዳ፣ ከቁርስ ሲሪያሉ ካርቶን ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች። ቀስ እያለች፣ አንድ ቃል ላይ እየቆመች፣ ተመልሳ እያስተካከለች። ስኳሩ ስንት እንደሆነ፣ ቫይታሚኑ ስንት እንደሆነ፣ የተሠራበት ከተማ የት እንደሆነ፣ አንድም ሳታስቀር አነበበችልኝ። ያን ያህል የጣመኝ ንባብ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ስትጨርስ ሌላኛውን ካርቶን አመጣች። አቶ ሙሉጌታ በሩ ላይ ተደግፎ፣ «ይቀመጡ እንጂ፣ ወይዘሮ ዘነበች፤ ሦስት ዓይነት ሲሪያል ነው ያለን» አለ። ሁላችንም ሳቅን።

ከዚያ ወዲህ ለማንም ስተረጉም አስቀድሜ፣ «መምህርቷ ያለችውን ነው የምላችሁ፤ ቢመርም አላጣፍጠውም» እላለሁ። ሚስስ ሃርፐርም ለትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች ሳይሰለቹ ጻፉ፤ ዘግይቶም ቢሆን የንባብ መምህርት ተቀጠረች። እናንተም ስትጎበኙ «ጎበዝ ልጅ ምን ያገኛል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ለዚያማ ሁሉም ትምህርት ቤት የተዘጋጀ መልስ አለው። «የተቸገረ ልጅ ምን ያገኛል? የምትረዳው መምህርት ስሟ ማን ነው? አሁን ላያት እችላለሁ?» በሉ። ባለፈው ዓመት ከትምህርት ቤቱ የወጡት ለምን እንደወጡ ጠይቁ። መምህራኑ ስንት ዓመት እንደቆዩ ጠይቁ። ክፍያው ያው ወረቀት ላይ አለ፤ ዩኒፎርሙና ጉዞው ተጨምሮበት እንደሆነ ብቻ እዩ።

ሚስስ ሃርፐር ከእኔ ስድስት ዓመት ቀድመው ጡረታ ወጡ። በእሳቸው ቦታ የመጣው ሚስተር ኮሊንስ ወጣት፣ ትሑትና ፈጣን ሰው ነው። የሚያብረቀርቅ ብሮሹር አሳተመ፤ ጉብኝቱ ከአዲሱ ጂም ይጀምር አለ። «እኔ ከካፍቴሪያው ነው የምጀምረው» አልኩት። ተከራከርን። በመጨረሻ አንድ ቀን አብሮኝ ዞረና፣ አንዲት እናት መጸዳጃ ቤቱን አይታ ትከሻዋ እንዴት ዘና እንዳለ በዓይኑ አየ። ከዚያ በኋላ ጂሙ ሦስተኛ ሆነ፤ እኔም ብሮሹሩን አመሰገንኩለት። እንዲህ እየተቻቻልን በደስታ ሠራን።

የመጨረሻ ጉብኝቴ አርብ ቀን ነበር። የመጡት ቤተልሔምና ዳንኤል ናቸው፤ እሷ ፋርማሲስት፣ እሱ ኢንጂነር፤ ሁለቱም እዚሁ ያደጉ። የአራት ዓመት ልጃቸው ኖላዊት መዝፈን አታቆምም፤ ከመኪናው እስከ ቢሮዬ፣ ከቢሮዬ እስከ ካፍቴሪያው ስትዘፍን መጣች። ቤተልሔም ሁለት ገጽ ሙሉ ጥያቄ ታይፕ አድርጋ ይዛለች። «ሚስ ዚ፣ ላይክ፣ በጣም ሪሰርች አድርገናል» አለችኝ፤ «አንቺ» እያለችኝ፣ እንደ እኩያዋ። ደስ አለኝ።

ሁሉንም መለስኩላት። ሲያልቅ፣ «አሁን ወረቀቱን ለእኔ ስጪኝና ክፍል ገብታችሁ ከኋላ ተቀመጡ። እኔ አልገባም» አልኩ። ሃያ ደቂቃ ያልኩት አንድ ሰዓት ሆነ። ሲወጡ ኖላዊት የአባቷን ጣት ይዛለች። ዝም ብላለች።

ቤተልሔም ተቸገረች። «ሚስ ዚ፣ እዚህ በጣም ጥሩ ነው። አይ ሚን፣ ቲቸሯ አሜዚንግ ናት። ልጆቹም። ግን...»

እንዳላቋርጣት በልቤ ቆጠርኩ። አሥር ሳልደርስ ዳንኤል ጨረሰላት። «ልጆቹ በጣም ጸጥ ብለው ነው የሚሠሩት። ኖላ ስትዘፍን አንዷ ልጅ ሽሽ አለቻት፤ በደግነት ነው፣ ግን ዝም አለች። ከተወለደች እንደዚህ ዝም ብላ አታውቅም።»

«ሰፈራችን ያለው ትምህርት ቤት ጫጫታ ነው» አለች ቤተልሔም። «ሙዚቃ በየቀኑ አላቸው። እዚያ ብትገባ ይሻላታል ብለን... አዝነሽብናል?»

«ልጃችሁን አይታችኋል» አልኳት። «እኔ የምፈልገው ይህን ብቻ ነበር።»

እስከ መኪናቸው ሸኘኋቸው። ቀበቶዋን ሲያስሩላት ኖላዊት እንደገና ጀመረች፤ መስኮቱ ተዘግቶም ይሰማ ነበር። ከመንገዱ እስኪታጠፉ እጄን አውለበለብኩና ዕቃዬን ልሰበስብ ተመለስኩ።

ሚስተር ኮሊንስ ቢሮዬ በር ላይ ቆሟል። «የመጨረሻው ጉብኝት እንዴት ነበር?» አለኝ።

«በሥራ ዘመኔ ካደረግኳቸው ሁሉ የተሳካው» አልኩት።

«በጣም ጥሩ። መቼ ይመዘገባሉ?»

«አይመዘገቡም» አልኩና ቦርሳዬን አንጠልጥዬ፣ ተሰናብቼው ወጣሁ።